«ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው» ብዬ ነበር

ባለፈው ነሐሴ አንድ ምሽት ተሳሳትኩ። በፈተና ወረቀት ላይ ቢሆን አርሜ እመልሰው ነበር። የተሳሳትኩት ግን ሰው ደጅ በተኛበት ሌሊት ነው። ነገሩን ብዙ ወር ይዤው ቆየሁ። አሁን ሰኔ እያለቀ ነው፣ ምዕራቡ እንደገና መብረቅ ጀምሯል፣ ዝም ማለት አልቻልኩም። ረጅም ነው፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ካርቲየ 5ን ለማታውቁ፦ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ጣሪያ ለጣሪያ የተያያዘ ሰፈር ነው። ግማሹ ብሎኬት፣ ግማሹ እንጨትና ቆርቆሮ። ምስማሩ የላላበት ጣሪያ ላይ ድንጋይ ወይም ያረጀ የመኪና ጎማ ይጫናል። አገር ቤት ክረምት የምንለው ጊዜ እዚህ የእሳት ወር ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ካምሲን የሚባለው ደረቅና ትኩስ ነፋስ ከምዕራብ በኩል ይነፍሳል፤ ቀኑ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ማታም ቢሆን ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መተኛት አይታሰብም። ስለዚህ ሰው ፍራሹን ይዞ ይወጣል። በረንዳ ያለው በረንዳው ላይ፣ የሌለው መተላለፊያው ላይ። ሌሊት ወደ ቤት ስትመለስ በሰው እግርና በሰው ራስ መካከል እየተጠነቀቅክ ነው የምታልፈው።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ለሰፈራችን ስደተኞች በከፈትነው የስልክ ግሩፕ ላይ የውሃ መቋረጥ፣ የወረቀት ማደሻ ቀን፣ የማጠናከሪያ ትምህርት ሰዓት እንለጥፋለን። የአየር ጠባይ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም።

የመጀመሪያው ስህተቴ በሐምሌ ነበር። በስልኬ የሳተላይት ምስል ላይ ከአሊ ሳቢህ በስተደቡብ የተከመረ ነጭ ደመና አየሁና «ዛሬ ማታ ከባድ ነፋስ ይመጣል፣ ዕቃችሁን አስገቡ» ብዬ ለጠፍኩ። ከበራችን ትንሽ ራቅ ብሎ ጥግ ላይ እንጀራ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው መልእክቱን አነበበላቸው፤ ገበያው ገና ሳይሞቅ ሰብስበው ገቡ። ነፋስ አልመጣም። የወደቀ ፌስታል እንኳን ከቦታው አልተነሳም። በማግስቱ ሳልፍ ያልተሸጠውን እንጀራ ለድርቆሽ ሲያሰጡ አገኘኋቸው። ምንም አላሉኝም፤ «መምህር፣ ደህና አደርክ?» ብቻ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ፈራሁ። በነሐሴ እኚሁ እናት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ዛሬስ እንዴት ነው? ምዕራቡ ይበርቃል እኮ።» እውነትም ከአርታ ተራሮች በስተግራ ድምፅ የሌለው ብልጭታ ነበር። ስልኬን አውጥቼ የሳተላይቱን ምስል ወደኋላና ወደፊት አመላለስኩት። ደመናው ድንበሩ አካባቢ ነው፤ ጫፉ ግን በግልጽ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል። «እትዬ፣ አይስጉ» አልኳቸው። «ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው። ለእኛ ጀርባውን ሰጥቷል።» ያለፈውንም ስህተቴን የካስኩ መስሎኝ ደስ አለኝ።

3 ሰዓት ተኩል ላይ መጀመሪያ ቅዝቃዜ መጣ። ነሐሴ ላይ፣ ካርቲየ 5 ውስጥ፣ ቀዝቃዛ አየር! እርጥብ አፈር ይሸት ነበር። ከየፍራሹ «ተመስገን!» «አልሐምዱሊላህ!» ሲባል ሰማሁ። እኔም ሸሚዜን ከፈትኩ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ የመንገዱ መብራት ቡናማ ሆነ፣ ቀጥሎም ጨርሶ አልታይ አለ። ቆርቆሮ ሲገነጠል የሚያወጣውን ድምፅ የሰማ ያውቀዋል። አንዱ ቆርቆሮ ከነእንጨቱ ተነስቶ መተላለፊያው ላይ ወደቀ፤ የእኚያን እናት ልጅ ከትከሻው በታች ክንዱን ከፈተው። ልጁ ተማሪዬ ነው፣ 10ኛ ክፍል። 11 ቦታ ተሰፋ። ከሰል ላይ የነበረ እሳት ተበትኖ አንድ ፍራሽ አቃጠለ፤ ሰው ተረባርቦ በአሸዋ አጠፋው። ዝናብ ጠብ አላለም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሰማዩ ኮከብ በኮከብ ሆነ።

ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ደጃፋቸው ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አቋረጡኝ። «መምህር፣ ፈጣሪ ያመጣውን ነፋስ አንተ ምን ታደርገዋለህ?»

ሊያጽናኑኝ ነው። ነገር ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ንግግር ነው። ያን ነፋስ ከሰዓት በፊት ማየት ይቻል ነበርና። እኔ በያዝኩት ስልክ አይደለም እንጂ።

የት እንደተሳሳትኩ ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሳተላይት የሚያየው የደመናውን ራስ ነው። ሜቴዎሳት 9 የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ 45.5 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ተቀምጧል። ጅቡቲ 43 ዲግሪ ላይ ናት፤ ጎረቤታችን ነው ማለት ይቻላል። በየ15 ደቂቃው ፎቶ ያነሳል። ፎቶው ያምራል፤ ግን የጣሪያ ፎቶ ነው። ከጣሪያው ሥር ቤተሰቡ ቢጣላ አያሳይህም።

በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ከላያችን፣ ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሮጥ ኃይለኛ የአየር ጅረት አለ። ከሕንድ የዝናብ ወቅት ጋር አብሮ የሚመጣ ነው። የነጎድጓድ ደመና ሲያድግ ጫፉ እዚያ ይደርስና ጅረቱ እንደ ሻሽ ወደ ምዕራብ ይጎትተዋል። ከላይ ለሚያይ ሰው ደመናው ጠቅልሎ ወደ አዋሽ የተነሳ ይመስላል። ታች ያለው ነገር ግን ሌላ ነው። ዝናቡ የሚወርደው በደረቅና በትኩስ አየር ውስጥ ስለሆነ ብዙው ጠብታ መሬት ሳይነካ ይተናል። ለመትነን ሙቀት ይፈልጋል፤ ሙቀቱን ከዚያው አየር ይወስዳል። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ኮዳ ውስጥ ያለ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል ብዬ ልጆቼን የማስተምረው ይህንኑ ነው። የቀዘቀዘ አየር ይከብዳል፤ ሲከብድ ይወድቃል። መሬት ሲመታ እንደተደፋ ባልዲ ውሃ በየአቅጣጫው ይፈሳል፤ ቁልቁለት ካገኘ ቁልቁለቱን ይከተላል። ከደጋው እስከ ባሕሩ ቁልቁለት ነው። እኛ መጨረሻው ላይ ነን።

ስለዚህ ያን ማታ ደመናው ወደ ምዕራብ ሲሳብ ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ይመጣ ነበር። እኔ ራሱን አይቼ ስለ እግሩ መሰከርኩ።

እግሩን የሚያየው ራዳር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የራዳር ሠራተኞች የጠላት አውሮፕላን ሲጠብቁ ስክሪናቸው ላይ ዝናብ እየገባ ያስቸግራቸው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ያንን ችግር የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ለሥራ አዋሉት። መሣሪያው የሬዲዮ ሞገድ በአጭር በአጭሩ ይልካል፤ ሞገዱ የዝናብ ጠብታ ወይም በረዶ ሲነካ ጥቂቱ ይመለሳል። በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ 100 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ዝናብ ዘንድ ደርሶ ለመመለስ የሰከንድ አንድ ሺህኛ እንኳን አይፈጅበትም። ከቆይታው ርቀቱን፣ ከመልሱ ብርታት የዝናቡን ክብደት ታገኛለህ። ካርታው ላይ አረንጓዴ ቀላል ዝናብ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ ቀይ ከባድ የሚሆነው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥበብ ዶፕለር ነው። ባቡር ወደ ናጋድ ጣቢያ እየቀረበ ጥሩንባ ሲነፋ ድምፁ ይቀጥናል፣ አልፎህ ሲርቅ ይወፍራል። ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር ይህን ነገር በ1842 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፤ 11ኛ ክፍል ላይ እናስተምረዋለን፣ ልጆችም ለፈተና ብቻ ይሸመድዱታል። ራዳር ላይ ሲሆን ግን ጠብታውና አቧራው ወደ መሣሪያው እየመጣ ይሁን እየራቀ፣ በምን ፍጥነት እንደሆነም ይለያል። ነፋስ አይታይም የምንለው በዓይናችን ስለምንፈርድ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ቀጭኗ መስመር ናት። ከዝናቡ ቀድሞ የሚሮጠው ቀዝቃዛ ነፋስ አቧራና ነፍሳት ጠርጎ ከፊቱ ይሰበስባል፤ ራዳሩ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ቅስት ሆኖ ይታያል። ዝናቡ ገና ሩቅ ሳለ ክሩ ከፊት ከፊት ይመጣል። ከሆልሆል እስከ ጅቡቲ ከተማ በአየር መስመር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ነፋሱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢገሰግስ 40 ደቂቃ አለን ማለት ነው። በ40 ደቂቃ ውስጥ ካርቲየ 5 ምን ያደርጋል? ከሰል ያጠፋል። ፍራሽ ያስገባል። ከላላው ቆርቆሮ ሥር የተኙትን ልጆች ያነሳል። ጎማና ድንጋይ ይጨምራል። ከዚህ በላይ የሚያስፈልገን ነገር የለም።

ራዳርም ሁሉን አያይም፣ ይህንንም ልናገር። ጨረሩ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ምድር ትጎብጣለች፤ 100 ኪሎ ሜትር ላይ ዝቅተኛው ጨረር ከመሬት 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያልፋል። ያቺ ክር ደግሞ ዝቅ ብላ ነው የምትሄደው። ተራራ ካለማ ከኋላው ጨለማ ነው።

ይህን ወደ ታች የሚደፋ ነፋስ ዓለም እንዲያምን ያደረገው ቴድ ፉጂታ የሚባል ጃፓናዊ ነው። ወጣት ሳለ ከአቶሚክ ቦምቡ በኋላ ናጋሳኪ ሄዶ ዛፎች ከአንድ ነጥብ ወደ ውጭ እንደ ኮከብ ጨረር ተዘርግተው ወድቀው አየ። አሜሪካ ገብቶ ፕሮፌሰር ከሆነ በኋላ ማዕበል ባለፈበት ቦታ ላይ በአውሮፕላን ሲዞር ያንኑ ቅርፅ መሬት ላይ አገኘው። እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 1975 ኒው ዮርክ ሊያርፍ የነበረ የኢስተርን አየር መንገድ በረራ ቁጥር 66 በነጎድጓድ ውስጥ ወድቆ 113 ሰው ሞተ። ፉጂታ መረጃውን መርምሮ «የጣለው ከደመናው ሥር የሚደፋ አየር ነው» የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ። ብዙ የሙያ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም። በ1978 ቺካጎ አካባቢ ዶፕለር ራዳር ተተክሎ ነፋሱ በመሣሪያ ተለካ።

ይህንን በማጠናከሪያ ክፍል ስናገር አንዱ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ሰው ካልሞተ መሣሪያ አይተከልም ማለት ነው?» ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

የአክስቴ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። ታሪኬን በስልክ ስነግረው «እኔም እኮ ያየሁት አለ» አለኝ። እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2012፣ ሙቀቱ የከበደ ዓርብ ነበር። ዴሬቾ የሚሉት የነፋስ ማዕበል ከመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ ተነስቶ በ12 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ማታ ዋሽንግተን ገባ። ያን ጊዜ ታክሲ ይነዳ ነበር። ሬዲዮው ማስጠንቀቂያ ሲደጋግም መኪናውን ከዛፍ ሥር አውጥቶ ነዳጅ ማደያ አጠገብ አቆመ። ዛፉ ወደቀ። በኋላ የራዳሩን ምስል ላከልኝ፦ ከአገር አገር የሚሮጥ፣ ሊወረወር የተለጠጠ ቀስት የሚመስል ቀይ መስመር። ባለሙያዎቹም የሚጠሩት በቀስት ስም ነው፤ ቀስቱ ወደፊት የተቆለመመበት ቦታ ነፋሱ የሚበረታበት ነው። ራዳር ስላላቸው ጉዳት አልደረሰም አልልም፤ ሰው ሞቷል፣ ከ4 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ መብራት አጥቷል። የአክስቴ ልጅ ግን በሬዲዮ ሰምቶ መኪናውን አነሳ። ይኼው ነው የምፈልገው። ቀድሞ የሚነግርህ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በወጣ የዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት መዝገብ አውሮፓ 345፣ ሰሜን አሜሪካ 291 የአየር ጠባይ ራዳር ሲኖራቸው መላው አፍሪካ 37 ነበረው። ኢትዮጵያ ከጣና በስተምዕራብ ሻውራ ላይ የተከለችው አለ፤ ከእኛ ግን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ እንዲህ ያለ መሣሪያ ደግሞ ከ250 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። በስልካችን ላይ የአየር ጠባይ መተግበሪያ ከፍታችሁ «ራዳር» የሚለውን ተጫኑ፤ አውሮፓና አሜሪካ በቀለም ያሸበርቃሉ፣ የእኛ አካባቢ ባዶ ነው። ባዶውን አይቶ «ዝናብ የለም» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ተማሪ አይደለም፣ ባልደረባዬ ነው።

ትልቁ ማዕበል ሲሆን ባንገናኝም ይነገረናል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 ሳጋር የተባለው የባሕር አውሎ ነፋስ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደ ምዕራብ ሲገፋ ሳተላይት ቀን በቀን ይከተለው ነበር፤ ማስጠንቀቂያውም ለዚህ ባሕር ኃላፊነት ካለበት ከኒው ዴልሂ ይወጣ ነበር። ሜይ 19 ቀን ሉግሃያ አጠገብ መሬት ረገጠ። ጅቡቲም በጎርፍ ተመታች፤ ግን ቢያንስ ስሙንና የሚመጣበትን ቀን ሰው ያውቅ ነበር። የእኛ የነሐሴው ነፋስ ስም የለውም። ተወልዶ፣ ሮጦ፣ ቆርቆሮ ገንጥሎ፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላው ይሞታል። በሳተላይት ፎቶ መካከል ባሉት 15 ደቂቃዎች ውስጥ ሰፈር ያቋርጣል።

ሰማይ ሰማይ የማየው ለምን እንደሆነ አሁን ልንገራችሁ። ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.፣ የደቻቱን ሌሊት የማያውቅ የድሬ ልጅ የለም። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ያን ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ ውሃው ከላይ ከደንገጎ በኩል ካለው ደጋ ወረደ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎች ደግሞ እስከ ዛሬ አልተገኙም። ከክፍላችን ሁለት ወንበር ባዶ ሆነ። እኔ የዛን ጊዜ ተማሪ ነኝ። በመስከረም ክፍል ስንገባ አስተማሪያችን ስም ሲጠሩ እነዚያ ስሞች ላይ ደርሰው ቆሙ፤ አላለፏቸውም፣ አልጠሯቸውምም። መዝገቡን ዘግተው ወጡ።

በኋላ ሁልጊዜ ወደ አእምሮዬ የሚመለሰው አንድ ነገር ነው። ደጋው ላይ ያ ዝናብ ሲወርድ ያዩ ሰዎች ነበሩ። ገበሬዎች፣ ሾፌሮች። ከበራቸው ላይ ቆመው አይተውታል። ታች ያለው ሰው ግን አላወቀም። በላይና በታች መካከል የነበረው ሰዓት ባዶውን አለፈ።

እዚህም አምቡሊ አለ። እንደ ደቻቱ ደረቅ ሆኖ ይከርምና እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2004 እንዳደረገው ሌሊት ተነስቶ ሰው ይዞ ይሄዳል። በኖቬምበር 2019 የሁለት ዓመት ዝናብ በአንድ ቀን ወርዶ ሰፈራችን ውሃ ውስጥ ሲገባ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ያ ግን የክረምት ማዶ ታሪክ ነው፣ ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ።

ራዳር ልገዛ አልችልም። ዋጋው በሚሊዮን ዶላር ነው፤ ኤሌክትሪክ፣ መለዋወጫና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ነገር ግን ራዳር የሚያደርገው ምንድን ነው? ወደ ሩቅ ይልካል፣ መልስ ይጠብቃል። በመስከረም መግቢያ ደብተር አወጣሁና የድሮውን የባቡር መስመር ጻፍኩት፦ ድሬዳዋ፣ ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ፣ አሊ ሳቢህ፣ ሆልሆል። ነፋሱ የሚወርደው በዚያው ቁልቁለት ነው። ለእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ሰው ፈለግኩ። ሽንሌ የድሮ ተማሪዬ አለ። አይሻ ሱቅ ያለው ሰው የተገኘው በጫት መኪና ሾፌር በኩል ነው፤ አይሻ ያለ ነፋስ ቀን አታውቅም፣ ስለዚህ እሱ «ነፋስ አለ» ብሎ ቢጽፍ አይረባኝም፤ «ከወትሮው የተለየ ነው ወይ?» ብዬ ነው የምጠይቀው። አሊ አዴና ሆልሆል መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ጓደኞቼ አሉ። እነሱ ደግሞ ከእኛ ይልቅ ይፈልጉታል፤ የሸራ ጣሪያ ከቆርቆሮ ይቀድማል።

የምንጠያየቀው ጥቂት ነገር ነው። የአቧራ ግድግዳ ታየ? ከየት ወደ የት? አየሩ በድንገት ቀዘቀዘ? ስንት ሰዓት ላይ? «ይመስለኛል» የሚባል ነገር አይጻፍም። ሁለት ጣቢያ ካልተስማማ አልለጥፍም። ካምሲኑ ይህን አያደናግርም፤ ካምሲን ትኩስ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይነፍሳል፣ በረድ አያመጣም። በእሳት መካከል ድንገት ብርድ ከመጣ እሱ ሌላ ነው። «ተመስገን» ከማለት በፊት ፍራሽ ማንሳት ነው።

እስከ መስከረም መጨረሻ አምስት ጊዜ ለጠፍን። ሦስቱ መጣ፣ ሁለቱ ሳይደርስብን መንገድ ላይ ሞተ። ሁለቱንም ስህተት እዚያው ግሩፑ ላይ ጻፍን፣ አልሰረዝንም። ከሦስቱ አንዱ ጊዜ 35 ደቂቃ አገኘን፤ አንዱ ጊዜ 10 ብቻ፣ የሆልሆሉ ጓደኛችን ስልኩ ካርድ አልቆበት ስለነበር። እንግዲህ የእኛ ራዳር የሚበላሸው በካርድ ነው።

በ2022 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት እስከ 2027 መጨረሻ በምድር ላይ ያለ ሰው ሁሉ ቅድመ ማስጠንቀቂያ እንዲያገኝ ዕቅድ አውጥቷል። ቅድሚያ ከተሰጣቸው 30 አገሮች ውስጥ ጅቡቲም ኢትዮጵያም አሉበት። ደስ ይለኛል፤ ከልቤ ነው። ስብሰባ ያገኘሁ ጊዜ ግን የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ያ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ በምን ቋንቋ ይናገራል? መተላለፊያው ላይ የተኛው ሰው ፈረንሳይኛ አያነብም። ብዙው አማርኛም አያነብም። እኛ የጽሑፉን መልእክት ትተን በድምፅ መላክ የጀመርነው እንጀራ ሻጯ እናት «ልጄ ከሌለ ማን ያነብልኛል?» ካሉ በኋላ ነው። አሁን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሱማልኛ ሦስት ሰው ይቀዳል፤ እያንዳንዱ ከ20 ሰከንድ አይበልጥም።

እኚህ እናት አሁን ዝም ብለው አይቀበሉኝም። «ነፋስ ይመጣል» ስላቸው «ማን አየው?» ይሉኛል። «ሆልሆል ያለው ልጅ።» «ሌላስ?» «አሊ ሳቢህ።» «ስንት ሰዓት?» ከዚያ በኋላ ነው ሰፌዱን የሚያነሱት። ማንም ተቆጣጣሪ እንዲህ መርምሮኝ አያውቅም።

ልጁ ክንዱ ድኗል። ጠባሳው ግን ቦርድ ላይ ለመጻፍ ሲነሳ ይታያል። ሙቀቱ ምን ቢበረታ ደጅ አይተኛም፤ ሰው ሁሉ ሲወጣ እሱ ቤት ውስጥ በላብ ሲንከባለል ያድራል። እናቱ ለምነውት፣ እኔም ለምኜው፣ እምቢ ብሏል። ምን እለዋለሁ? «እኔ ስልህ ውጣ» እንዳልል አንዴ ብያለሁ።

ዘንድሮ ክፍት ቦታ አለብን። ከአዲጋላ እስከ አይሻ ማንም የለንም፤ የአዲጋላው ሰው ወደ ጅግጅጋ ተዛውሯል። በዲኪል በኩል ደግሞ አንድም ሰው አላገኘንም፤ ባለፈው መስከረም ከዚያ አቅጣጫ የመጣውን አላየነውም። እዚያ የምታውቁት ሱቅ ያለው፣ ዘበኛ፣ ሾፌር፣ አስተማሪ፣ ማታ ማታ ደጅ የሚቀመጥ ማንኛውም ሰው ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ትምህርት አይጠይቅም። ወደ ምዕራብ የሚያሳይ በር ይኑረው፤ ካርዱን እኛ እንሞላለን።